ስለ ሆድና ስለ ጨጓራ

ታላቅ እኅቴ ከስምንት ዓመት በፊት፣ በምትኖርበት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ክብደቷን ለመቀነስ ስትል ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አስጠብባ ነበር። ከ122 ኪሎ ወደ 82 ወረደች፤ ሁለት ዓመት ያህልም በዚያው ጸናች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዓመት ዓመትን በተካ ቁጥር ጥቂት በጥቂት እየጨመረች ዛሬ 109 ኪሎ ሆናለች። አሁን ሐኪሞች ዳግመኛ ሊቀዷት እንደሚችሉ ነግረዋት፣ በየትኛው መንገድ እንደምትገባ፣ ወይም ጭራሹን እንዳትገባ፣ ታወጣለች ታወርዳለች። እኔም ካለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ ከእርሷ ዘንድ ተቀምጬ አብሬያት ሳወጣና ሳወርድ ቆይቻለሁና፣ በዚያ ጊዜ ልቡናዬን ይዞት የከረመውን ነገር፣ እርሷም ፈቅዳልኝ፣ በጽሕፈት አኖረዋለሁ።

ቋንቋችን ለሐኪሙ ሥራ ያወጣለት ስም እጅግ ደግ ስም ነው። ቀዶ ጥገና ሲለው፣ ቀዶ የሚተው ሳይሆን ቀዶ የሚጠግን መሆኑን አስቀድሞ ይመሰክርለታል። ልብስ ሲጥፍ የኖረ ሰው ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ አንድ ጊዜ የተጠገነ ጨርቅ እንደ ገና ሲተረተር፣ መርፌው የሚያርፍበት ጤነኛ ክር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በሰው ሥጋም ነገሩ እንዲሁ ነው። የፊተኛው ቁስል ሲሽር የሆድ ዕቃው እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ከደም ሥሮቹ አንዳንዶቹ ተቆርጠዋል፤ ስፌቱ ያረፈበትም ሥጋ ጠባሳ ሆኗል፤ ስለዚህም ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከፊተኛው ይልቅ አደጋው የበዛ፣ የሚያስገኘውም የክብደት ቅናሽ አብዛኛውን ጊዜ ከፊተኛው ያነሰ ነው። ሐኪሙም ይህን ሳይሸሽግ ነገራት።

ሲነግራት በነጭ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ እየሣለ ነበር። መጀመሪያ ጎኑ ያበጠ ቅል የመሰለ ነገር ሣለ፤ ይህ ስትወለድ የተሰጣት ጨጓራ ነው። ከአጠገቡ ቀጠን ያለ ሙዝ የመሰለ ሣለ፤ ይህ ደግሞ ከስምንት ዓመት በፊት የተሠራላት ነው። ስሊቭ የሚሉት፣ ትርጓሜውም እጅጌ የሆነው ቀዶ ጥገና፣ ከጨጓራው ሦስት አራተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ ያወጣና የቀረውን እንደ ሸሚዝ እጅጌ አጥብቦ ይሰፋዋል፤ ተቆርጦ የወጣውም አይመለስም። ሦስተኛውን ሲሥል እጁን ጥቂት አቆመ፤ ሙዙን ወገቡ ላይ ሰፋ አደረገው፤ ከላይ በኩልም ወደ ደረት የሚወጣ ቀስት ጨመረበት። ጨጓራዋ በእነዚህ ዓመታት በመጠኑ ሰፍቷል፤ ይልቁንም አሲዱ ሽቅብ ወደ ምግብ ቧንቧዋ እየወጣ በቃር ያቃጥላታል። እኅቴ ያንን ወረቀት አራት ላይ አጥፋ በጸሎት መጽሐፏ ገጾች መካከል አኖረችው፤ ከመከፈቱና ከመታጠፉ ብዛት የተነሣም ባጭር ጊዜ ውስጥ እጥፋቱ ሳስቶ ነበር።

በዚያ ወረቀት ፊት ተቀምጬ ሳስብ፣ ሐኪሙ የሣለው ጨጓራን እንደ ሆነ፣ እኅቴ ግን የምትናገረው ስለ ሆዷ እንደ ሆነ ታየኝ። በአማርኛ እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጨጓራ ሥጋ ነው፤ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል። ሆድ ግን ያዘነ ሰው የሚባባበት፣ የተቀየመ ሰው የሚሻክርበት፣ ምስጢር ተቀብሮ የሚቀርበት ስፍራ ነው። ነገርን ችሎ የሚያሳልፈውን ሰው ሆደ ሰፊ ብለን እናመሰግነዋለን፤ ያው አፋችን እህል የሚወደውን ሆዳም ብሎ ይሰድበዋል፤ ምስጋናውና ነቀፋው ካንድ ሥር መብቀላቸውም፣ አባቶቻችን ሆድን ነፍስና ሥጋ የሚገናኙበት ደጅ አድርገው እንዳዩት የሚያስረዳ ይመስለኛል። እኅቴ በደሴ፣ ስምንት ነፍስ በሚመገብበት ቤት የበኵር ልጅ ነበረች፤ እናታችን ገበያ በዋለች ቀን ወጡን የምታወጣውም እንጀራውን የምትቆርሰውም እርሷ ነበረች፤ ሁላችን ከጠገብን በኋላም ቆማ፣ የሰታቴውን ቂጥ በእንጀራ እየጠረገች ትበላ ነበር። በሜሪላንድ ደግሞ ሌሊት ሌሊት የታመሙ አረጋውያንን በየቤታቸው ስትጠብቅ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ጎሕ ሲቀድ ከሥራ ወጥታ፣ መኪናዋን ሳታስነሣ፣ መሪው ላይ ናፕኪን አንጥፋ ትበላለች። አንድ ቀን ልቀበላት ሄጄ በመስኮቱ አየኋት። እንቅልፍ በተነፈገው ሰው ላይ ረኃብ እንደሚበረታ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሌላውን ሲያጎርስ ያደረ እጅ በመጨረሻ ወደ ራሱ አፍ ሲመለስ ነበር። ይህን ምንም ዓይነት መቀስ አልነካውም።

ይሁን እንጂ ስለ ሆድ ይህን ብቻ ተናግሬ ባቆም እኅቴን እበድላታለሁ፤ ነገሩ ከልቧ የመጣ ነው ማለት ጥፋቱ የራሷ ነው ከማለት እምብዛም አይርቅምና። ሥጋም የራሱ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የተባለው ሊቅ፣ ኅሊናችን አይፈቅድልንም ብለው ከጦርነት ከቀሩት ወጣቶች መካከል 36 ፈቃደኞችን ሰብስቦ ጥናት ጀመረ፤ ለስድስት ወር ያህልም ምግባቸውን አጎደለባቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ሄደ፤ ቀን የሚያወሩት ሌሊትም የሚያልሙት ስለ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹ የወጥ አሠራር መጽሐፍ እየሰበሰቡ ያነቡ ጀመር። የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ እህሉ ሲፈቀድላቸው ሆዳቸው ሞልቶ ሊፈነዳ ደርሶ እንኳ ረኃቡ አልለቀቃቸውም፤ ስባቸውም ከቀድሞው መጠን አልፎ ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች ስለ እምነታቸው መከራን የመረጡ፣ ፈቃዳቸው የጸና ጐልማሶች ነበሩ፤ በፈቃድ ድካም የሚያማቸው ማንም አይኖርም። (ይኸው ኪስ እ.ኤ.አ. በ1972 ክብደትን በቁመት የሚመዝነውን የቤልጂጉን የኬትሌን ስሌት ዛሬ በሚታወቅበት ስም የሰየመው ሰው ነው፤ በዚያ ስሌት እኅቴ 41 ናት፤ ኢንሹራንሱም አስቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ቁጥር ነው።)

ምክንያቱም ኋላ እየተገለጠ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፕቲን የሚባለው፣ ከስብ ወጥቶ የጎተራውን ልክ ለአንጎል የሚያስታውቅ መልእክተኛ ታወቀ። በ1999 ደግሞ ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉት የጃፓን ሊቃውንት ግሬሊንን አገኙ፤ ይህም ይልቁንም ከጨጓራ የላይኛው ክፍል የሚመነጭ፣ ረኃብን የሚቀሰቅስ ሆርሞን ነው። ስሊቭ የሚባለው ቀዶ ጥገና ቆርጦ የሚያወጣው ያንኑ ክፍል ስለ ሆነ፣ እኅቴ በፊተኛው ዓመት ረኃቧ ጸጥ አለላት፤ «ከተወለድሁ ጀምሮ ሆዴ ዝም ሲል የሰማሁት ያን ዓመት ብቻ ነው» አለችኝ። ነገር ግን ሥጋ መጋቢ ነው፤ ጎተራው ሲጎድል ያየ መጋቢ ድርጎውን ይቀንሳል፣ ወጪውን ይቆጥባል፣ ቀን ከሌት ደወሉን ይደውላል፤ ጉድለቱ በጌታው ፈቃድ የመጣ ይሁን በጠኔ የመጣ ይሁን ለይቶ አያውቅም። ከመልእክተኞቹ አንዱን አፉን ቢይዙት ሌሎቹን ይልካል። እኔ ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ሥጋን ጠላት ብዬ መጥራት አልቻልሁም፤ አብዝቶ ታማኝ በመሆኑ ያስቸገረ አገልጋይ ነውና።

ታዲያ ወድቋል የሚባለው ማን ነው? አማርኛ በዚህ ስፍራ ጠንቃቃ ነው፤ ወይም ጨካኝ ነው። ቀዶ ጥገናው አልተሳካም ያልን እንደ ሆነ ነገሩ ከሥራው ላይ ይቀራል፤ አልተሳካላትም ያልን እንደ ሆነ ግን በአንዲት «ላት» ምክንያት ዕዳው ከሐኪሙ ጠረጴዛ ተነሥቶ በሴቲቱ ጫንቃ ላይ ያርፋል። በማኅበሩ፣ በክርስትናው፣ በለቅሶው ቤት ስለ እርሷ ሲነገር የሰማሁት ሁሉ በዚያች «ላት» የተነገረ ነበር። እኔም ብሆን ከዚያ ንጹሕ አይደለሁም። ያለፈው ፋሲካ ዕለት፣ ዶሮው ቀርቦ ሰው ሁሉ ሲጎራረስ፣ ዓይኔ ከትሪው ላይ የእርሷን እጅ እየተከተለ ይቆጥር ነበር፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛውን ጠቅልላ ስታነሣ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ እጇን መለሰችና ጉርሻውን ለጎረቤት ልጅ አጎረሰችው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾማ በፋሲካዋ ቀን ከወንድሟ ዓይን የተነሣ ያልበላች ሴት አየሁ፤ የዚያን ዕለት ያደረግሁትን ነገር እስከ ዛሬ ድረስ በኀዘን አስበዋለሁ።

እንግዲህ ወደ መንገዶቹ ልመለስ። ሙዙን እንደ ገና ማጥበብ የሚባል አለ፤ ግፊቱ በዝቶ ቃሯን ያብስባታልና ሐኪሙም አልደገፈውም፣ እኔም አልቆምበትም። ባይፓስ የሚባለው ከጨጓራው ጫፍ ላይ ከቡና ሲኒ ያነሰ ከረጢት ብቻ አስቀርቶ፣ ቀጭኑን አንጀት ወደ ላይ ስቦ ከዚያ ጋራ የሚያጋጥም፣ የቀረውን ጨጓራ፣ ሐሞቱንና የቆሽቱን ፈሳሽ ግን ወደ ታች ራቅ ባለ ስፍራ የሚያገናኝ ነው፤ አገጣጠሙም በስዊሱ የሎዛን ሐኪም በሴዛር ሩ ስም ይጠራል። በዚህ መንገድ አሲዱ ወደ ጉሮሮ የሚወጣበት በር ስለሚዘጋ፣ ከስሊቭ በኋላ በቃር የተሠቃዩ ሰዎች አብዛኞቹ ዕረፍት ያገኛሉ፤ የክብደቱ ቅናሽ ግን መጠነኛ ሊሆን ይችላል። ዋጋውም አለው። ብረት፣ ካልሲየምና ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን እስከ ዕለተ ሞት ድረስ ሳይቋረጡ ሊወሰዱ ይገባል፤ ጣፋጭ የበላ ሰው ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ይዝለፈለፋል፤ አንጀቱ ከከረጢቱ ጋራ በተጋጠመበት ስፍራም ቁስል እንዳይወጣ አይቡፕሮፌንንና የእርሱን ወገን መድኃኒቶች መተው ግድ ነው። ይህ የመጨረሻው ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ይመስለው ይሆናል። እኅቴ ግን ሁለቱም ጉልበቶቿ ታመው፣ አረጋዊ ከአልጋ ወደ ወንበር ባነሣች ቁጥር በዚያ ክኒን ነው የምትቆም፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ከመኪናዋ ቁልፍ ተለይቶ አያውቅም። ጨጓራዋን ለማዳን ጉልበቷን ትስጥ? እንዲህ ያለው ጥያቄ ከሐኪሙ ሥዕል ላይ አይታይም፤ ነገር ግን የምርጫው ክብደት ያለው በዚህ ዓይነቱ ስፍራ ነው።

ሌላው ዱዎዲናል ስዊች የሚሉት ነው፤ ሳዲ የሚባለውም የእርሱ ቅርብ ዘመድ ነው። እጅጌውን እንዳለ ትቶ ከአንጀቱ ብዙውን ክፍል ያሳልፋል፤ ከሁሉ ይልቅ ክብደት የሚቀንሰውም፣ ከሁሉ ይልቅ ፕሮቲንና ቫይታሚን የሚያሳጣውም፣ ወደ መጸዳጃም የሚያመላልሰው እርሱ ነው፤ እጅጌው ስለማይነካ ቃሩም እንዳለ ይቀራል። ከዚህ ሌላ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋው ሴማግሉታይድ አለ፤ በአሜሪካ ለክብደት እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ተፈቅዷል። ሲወጉት ይሠራል፤ መወጋቱን ባቆሙ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ግን ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ባንድ ዓመት ውስጥ ተመልሷል፤ የጨጓራንም ሥራ ስለሚያዘገይ ቃር ያለበትን ሰው ሊያውክ ይችላል። አንዳንድ ሰው መርፌውን የሰነፎች መንገድ ሲል እሰማለሁ፤ ለደም ብዛት ዕድሜ ልክ ክኒን የሚውጠውን ግን ሰነፍ የሚለው የለም፤ ይህን ፍርድ እኔ አልቀበለውም። በመጨረሻም ሁሉን መተው፣ 109 ኪሎ ሆኖ መኖር፣ ስኳርንና ደም ብዛትን መጠባበቅ የሚባል አለ፤ ይህም ምርጫ እንጂ ሽንፈት አይደለም።

ታሪኩን ያነበበ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ሳይማር አይቀርም። በዚያው በሚኒሶታ፣ ኪስ ወጣቶቹን ካስራበ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የአንጀትን ብዙ ክፍል አሳልፎ ጫፍ ከጫፍ የሚያጋጥመው ቀዶ ጥገና ተገለጠ፤ በሚዛን ላይ ሲታይ እንደ ተአምር ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ጉበታቸው የከሸፈ፣ ኩላሊታቸው ጠጠር የሞላ፣ ሰውነታቸው የመነመነ ሕሙማን በረከቱ፤ ሐኪሞችም የቋጠሩትን እየፈቱ አንጀቱን ወደ ቀድሞ ስፍራው መመለስ ግድ ሆነባቸው። ዳግመኛ ቀዶ ጥገና እንግዲህ የዛሬ ነገር አይደለም፤ ከሥራው ጋራ የተወለደ ነው፤ ሚዛኑ ብቻውን ደስ ያለው መንገድም ሰውን ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው እኅቴን ከሁሉ ይልቅ ያጽናናት ነው። ዛሬ ብቻውን የሚሠራው ስሊቭ መጀመሪያ ብቻውን እንዲቆም የታሰበ አልነበረም፤ ከባድ ሕሙማን ረዥሙን ዱዎዲናል ስዊች ባንድ ጊዜ አለመቻላቸው ስለሚያሰጋ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ሐኪሞች ሥራውን ለሁለት ከፍለው እጅጌውን አስቀድመው፣ አንጀቱን ለኋላ ያቆዩት ነበር፤ አንዳንዶቹን ፊተኛው ብቻ ስለ በቃቸው ነው ግማሹ እንደ ሙሉ የተቈጠረ። ይህን ባነበብሁላት ጊዜ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እንግዲያው እኔ የወደቅሁት ሳይሆን ያልጨረስሁት ነው?» አለች።

ይህም ሆኖ ወደ ከባዱ ታደላ ነበር። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ሌሊት፣ ከሥራ ያረፈችበት ቀን ነበርና፣ ወጥ ቤት ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፣ ወረቀቱን ዘርግታ በሙዙ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ዱዎዲናል ስዊቹን ነው የምመርጠው» አለችኝ።

«ቃሩንኮ አይነካውም፣ እትዬ።»

«ይሁን። ፊተኛው ቀላሉ ነበር፤ ተሰጥቶኝ አበላሸሁት። አሁን የሚገባኝ የሚከብደው ነው፣ ወንድምዬ።»

«ለመዳን ነው ወይስ ለመቀጣት?»

አልመለሰችልኝም፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ብርጭቆዋን እያዞረች ቆየች። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ መሆኑን ተረድቻለሁ። ንስሐ የገባ ሰው ቀኖና ይቀበላል፤ ካህኑም እንደ በደሉ መጠንና እንደ ጕልበቱ ልክ ይሰጠዋል፤ ረኃብ ግን በደል አይደለም፤ በደል የሌለበትም ቀኖና ማንንም አያነጻም፤ ሥጋን ብቻ ያቈስላል። እኛ ጾምን የምናውቅ ሕዝብ ስለ ሆንን በዚህ ነገር ልንሳሳት ቀላል ነው፤ መከልከልን ሁሉ ጽድቅ፣ መብላትን ሁሉ ድካም አድርገን እናያለንና። ነገር ግን ጾም መግቢያና መውጫ አለው፤ የዐቢይ ጾም ፍቺው ፋሲካ ነው፣ የነቢያት ጾም ፍቺው ገና ነው፤ ጾመኛው ለመብል ጀርባውን የሚሰጠው ወደ ማዕዱ እንደሚመለስ እያወቀ ነው። በእኅቴ ላይ ዓለሙ ሁሉ የጫነባት ግን ፋሲካ የሌለው ጾም ነው፤ የማይፈታ፣ ቀን ያልተቈረጠለት፣ ስትበላ እንኳ የማይቋረጥ። በዚህ ጾም ውስጥ ሆኖ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና የሚመርጥ ሰው በሚዛኑ አንድ ወገን ኀፍረቱን አስቀምጦ ነው የሚመዝን፤ ኀፍረት ደግሞ የሚከብድ ነገር ነው፤ በየትኛውም ጐን ቢያሳርፉት ያዘነብለዋል።

የንስሐ አባቷ ይህን ከእኔ አስቀድመው አውቀውት ነበር። የፊተኛው ቀዶ ጥገና በተደረገላት ጊዜ፣ ፈሳሽ ብቻ እንድትወስድ የታዘዘችበት ሳምንት በዐቢይ ጾም ላይ ዋለ፤ የሰጧትም የፕሮቲን ዱቄት ከወተት የተሠራ ነበር። ፈርታ ጠየቀቻቸው። «ሕመምተኛ ነሽኮ፣ ልጄ፤ ጠጪ» አሏት፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሥርዐቱም እንዲሁ ነው፤ ሕመምተኛን ጾም አይዘውም። እኅቴ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ያቺን ቃል፣ ሕመምተኛ የምትለውን፣ ከአፉ አውጥቶ የሰጣት ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

በሰኔ መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ በተመለስን ጊዜ አብሬያት ገባሁ። ከቀዶ ጥገናው ምን እንደምትሻ ጠየቃት። በመኪና ስንሄድ ቁጥር ስታዘጋጅ ሰምቻት ነበር፤ 75 ኪሎ ልትለው ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን ከጸሎት መጽሐፏ አወጣች፤ ዘርግታም ቀስቱ ወዳለበት ሦስተኛ ሥዕል ብዙ ተመለከተች።

«ተንጋልዬ መተኛት እፈልጋለሁ» አለችው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በሦስት ትራስ ላይ ተደግፋ፣ በከፊል ተቀምጣ እንደምትተኛ፣ የተጋደመች ሌሊት አሲዱ ጕሮሮዋ ድረስ መጥቶ እያነቃት እንደምታስል፣ ያን ቀን ነው የነገረችው፤ ሦስት ወር በጐኗ ባለው ክፍል ሳድር እኔ ሳሉን ብርድ ያመጣው መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ በኢንዶስኮፒ ሊያየው እንደሚገባ፣ አሲድ ለብዙ ዓመት ያቃጠለው የምግብ ቧንቧ ሽፋኑ ሊለወጥ እንደሚችል፣ እንዲህ ሆኖ ከተገኘም ምርጫው ወደ ባይፓስ እንደሚያዘነብል አስረዳት፤ ስለ ጉልበቷም ከሌላ ሐኪም ጋራ ሊነጋገር ተስማማ። ከዚያም ወረቀቱን ተቀበላትና እጥፋቱ እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ ገለበጠው፤ በባዶውም ገጽ ላይ በዚህ ጊዜ ከጕሮሮዋ ጀምሮ ይሥል ገባ።